በሐኪም ጋራና በሐኪም ቤት መካከል

ሐረር፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ በቤይሩት ከተማ በአስታማሚነት ሙያ ለምትኖረው ለወንድሜ ልጅ ለአስቴር።

የአብርሃምን እንግድነት የጠበቀ አምላክ በሰው አገር ጥላ ከለላ ይሁንሽ፤ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። እኔ አጎትሽ መሪጌታ ኃይለመስቀል ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ማሕሌቱን እንደ ጎልማሳነቴ ባይሆን እንደ ሽምግልናዬ እቆማለሁ።

ከፋሲካ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፍሽልንም። አክስትሽ እልፍነሽ «ቤይሩት ቀለም ጠፍቶ ይሆናል» እያለች ትስቃለች። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ይህን የምጽፍልሽ ለወቀሳ ብቻ አይደለም። እኅቴ እልፍነሽ ከነሐሴ ጀምሮ ደረቷን ያማታል። እርሷ «ቀላል ነው» ትላለች፤ ነገር ግን ልብስ ስትጨምቅ ግራ እጇ ሲከዳት በዓይኔ አይቻለሁ። ዝም ብለንም አልተቀመጥንም፤ ሐኪም ጋራ ትመላለሳለች። እሑድ እሑድ ጠበል ትጠጣለች። ጎረቤታችን ወይዘሮ ኸዲጃም ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ በየጧቱ ታቀምሳታለች። «ነቢያችን ከሞት በቀር ለሁሉ ፈውስ ነው ብለዋል» ትላለች፤ ደግ ሴት ናት።

አንቺ የተማርሽ ነሽና ጥሩ የደረት መድኃኒት ብታገኚ ላኪልን። ስትልኪም ደብዳቤ ጨምሪበት።

አጎትሽ
መሪጌታ ኃይለመስቀል


ቤይሩት፣ ኅዳር ፬ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለመሪጌታ ኃይለመስቀል።

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። መድኃኔ ዓለም ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ቡራኬዎም አይለየኝ። መጻፍ ስላቆየሁ ይቅር ይበሉኝ፤ ምክንያት ብደረድር ይብስብኛል።

የአክስቴ መታመም እንቅልፍ ነሥቶኛል። እኔ የጡት ልጇ ነኝ። እናቴ እኔን ወልዳ በዐረፈችበት ሳምንት አክስቴ እኔንና የራሷን ልጅ ለገሠን በሁለት በኩል ታቅፋ አሳድጋናለች። እርሷ ታማ እኔ «ደኅና ነኝ» ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል።

ሐኪም ጋራ እንደምትመላለስ ሳነብ ግን አምላኬን አመሰገንሁ። ትስላለች? ስትተኛ ያልባታል? የሳንባ ነገር እንዳይሆን እሰጋለሁ። ለጊዜው የሳል ሽሮፕ ልኬአለሁ። ከሁሉ በላይ ግን የሐኪሙን ቃል ጠብቁ። ያዘዘውን ሳታጎድሉ ፈጽሙ፤ የከለከለውንም ተዉ። እዚህ በየቀኑ የማየው ነው፤ ብዙውን በሽተኛ የሚጎዳው ሕክምናን በመሐል ማቋረጥ ነው።

ሐኪሙ ምን እንዳለ ይጻፉልኝ።

የምትወድዎ ልጅዎ
አስቴር


ሐረር፣ ታኅሣሥ ፳፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአስቴር።

ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት እንዳወጣ አንቺንም ከክፉ ሁሉ ያውጣሽ። ከቁልቢ ከተመለስን ሦስተኛ ቀናችን ነው። እልፍነሽ መንገዱን አልቻለችውም፤ በበቅሎ መለስናት።

ሽሮፕሽ ደርሷል። እልፍነሽ አታስልም። ሳል የያዘኝ እኔ ስለሆንሁ እኔ ጠጣሁት፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሐኪሙ ምን አለ ላልሽው፣ ሐኪም ብሎ መጥራት ቢከብደኝም እንዳልሽው ቃሉን ጠብቀናል። ሰውየው ወልደ ጊዮርጊስ ይባላል። በልጅነቱ ከእኔ ዘንድ ዳዊት ደግሞ፣ ቅኔ ሳይደርስ የሸሸ ነው። ዛሬ ሐኪም ጋራ ላይ ጎጆ ቀልሶ ቅጠል ይበጥሳል። ደብዳቤሽን ባነበብሁለት ጊዜ ደረቱን ነፋና «አዩ የኔታ! ባሕር ተሻግራ የተማረችው እንኳ የእኔን ቃል ጠብቁ አለች!» አለ።

ቅጠሉን ደቁሶ ለጠፈባት። ቆዳዋ ተገሸለጠ። እርሱ «መርዙ እየወጣ ነው» ይላል፤ በውስጡ የሚዳሰሰው ጠጠር ግን ሎሚ አክሏል። «ሐኪም ቤት ልውሰዳት» ብለው ከመቀመጫው ተነሥቶ «ነቀርሳ ሲነኩት ይቆጣል! ቢላዋ ካየ አበቃ!» ብሎ ጮኸ። ጠበሉንም አዝሙዱንም «ከእኔ መድኃኒት ጋር አይስማማም» ብሎ አስተዋት። ልቤ አልወደደውም፤ ነገር ግን «የከለከለውን ተዉ» ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽና ታዘዝን።

የታመመውን ቦታ በስሙ ለመጻፍ ብዕሬ አፈረ። እልፍነሽን «ምን ብዬ ልጻፍላት?» ብላት፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «የታመመው የአስቴር ድርሻ ነው በላት፤ ይገባታል» አለችኝ።

አጎትሽ
ኃይለመስቀል


ቤይሩት፣ ጥር ፯ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ ኃይለመስቀል።

ሰላምታውን ያቆዩልኝ።

ጡት ነው። ጡቷ ነው የታመመው! ለገሠ ቀኙን፣ እኔ ግራውን ጠብተን አደግን። እርስዎ ግን ደረት ብለው ጻፉልኝ፤ እኔም ደረት ብዬ የሳል ሽሮፕ ላክሁ። «የጡት ልጅ» ስንል በአደባባይ እንኮራለን፤ ያ ጡት ሲታመም ስሙን ለመጥራት እናፍራለን። ይህ ምን ዓይነት ጨዋነት ነው?

ደግሞስ «ሐኪም ጋራ ትመላለሳለች» ብለው ሲጽፉልኝ ሐኪም ዘንድ ትመላለሳለች ያሉኝ መስሎኝ ነበር። ተራራውን ነው ያሉኝ! ሐረር ተወልጄ አድጌ፣ ከደጃችን ቆሜ በየጧቱ የማየውን ተራራ ረሳሁት። በገዛ እጄ «ያዘዘውን ፈጽሙ» ብዬ ለቅጠል በጣሽ ፈረምሁለት። በራሴ ላይ የምቆጣውን ያህል በእርስዎም ላይ ተቆጥቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ፣ ግን ተቆጥቻለሁ።

ይህ ደብዳቤ በደረሰበት ቀን ሐኪም ቤት ይውሰዷት። ቅጠሉ ይጣል። ጠበሉም ይቅር፤ አዝሙዱም ይቅር። ሁሉም ይቅር። ወይ ሕክምናው ነው፣ ወይ እነዚያ ናቸው። ይምረጡ።

አስቴር


ሐረር፣ የካቲት ፭ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለአስቴር።

ሰላምታ ይቆየኝ ብለሻል። እኔ ሰላምታ የማቆይ ሰው አይደለሁም፤ እግዚአብሔር አምላክ ይባርክሽ፣ ይቀድስሽ፣ ፊቱንም ያብራልሽ። ከዚህ ቀጥዬ እቆጣለሁ።

አስቀድሜ የሆነውን ልንገርሽ። ደብዳቤሽ በደረሰ ማግሥት እልፍነሽን ሐኪም ቤት ወሰድኋት። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ የሚተረጉምለት ከድር የሚባል የጀጎል ልጅ፣ ቁስል የሚያጥብ ድሬሰር ነው። «ምኗን ነው?» ቢሉኝ፣ ያን ሁሉ ወቀሳሽን አንብቤ እንኳ ምላሴ ልማዱን አልተወምና «ደረቷን» አልሁ። ከድርም ደረት ብሎ ተረጎመ። ሐኪሙ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ጀርባዋን ሊያዳምጥ ሲዞር እልፍነሽ «እናንተ ወንዶች እስክትግባቡ እኔ ልሞት ነው!» ብላ ነጠላዋን ገለጠች። ከድር ወደ ግድግዳው፣ እኔም ወደ መስኮቱ ዞርን።

«ይህን ማን አቃጠለው?» ብሎ ሐኪሙ ሲጮህ ለመስማት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም ተፈጽሟል። ግራ ጡቷን አንሥተዋል፤ ከብብቷም ያበጠውን ፍሬ አውጥተዋል። ሐኪሙ «ዘግይታችኋል፤ ተስፋ ግን አልተቆረጠም» ብሎናል። የሚዋጥም መድኃኒት ሰጥቷታል።

እርሷ ከአልጋ ቀና ማለት እንደ ጀመረች በትሬን ይዤ ሐኪም ጋራ ወጣሁ። ሰውየው በበሽተኞች ተከቦ ተቀምጧል።

«ወልደ ጊዮርጊስ!»

«አቤት የኔታ።»

«እኅቴን ምን ብለህ አቃጠልሃት?»

«ቢላዋ አስነካችኋት ሲሉ ሰማሁ። እንግዲህ ከእኔ ራስ ውረዱ። ሲነኩት ይቆጣል ብያለሁ።»

«አሁን የተቆጣሁት እኔ ነኝ!»

«ኢሳይያስ በሕዝቅያስ እባጭ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ አላስደረገም? እርስዎ አይደሉም ያስተማሩኝ?»

«አስደርጓል፤ ሕዝቅያስም ዳነ። አንተ የለጠፍህባት ግን ተገሸለጠች። ደግሞስ ኢሳይያስ ‹ሌላ ባለመድኃኒት ዘንድ እንዳትሄድ› ያለው የት ምዕራፍ ላይ ነው? ጥቀስልኝ!»

«እ... የኔታ...»

«ዳዊት ስትደግምም እንዲሁ ነበር የምትደናቀፈው።»

በሽተኞቹ ሳቁበት። አንዲት ሴት ብቻ አልሳቀችም፤ ነጠላዋን በግራ በኩል አጥብቃ ይዛ ትመለከተኝ ነበር። ወርጄም ያቺ ሴት ከዓይኔ አልጠፋችም።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ወልደ ጊዮርጊስ «ሁሉን ትተሽ የእኔን ያዢ» አላት። አንቺም «ሁሉን ትታ የእኔን ትያዝ» አልሽ። በመካከላችሁ ያለው ልዩነት የትምህርት ነው እንጂ የጠባይ አይደለም! እኔን «ይምረጡ» ትይኛለሽ? ሲራክ በሠላሳ ስምንተኛው ምዕራፍ ሐኪምን አክብረው፣ የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና ይላል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። በዚያው ቃል ላይ ስትታመም ጸልይ ካለ በኋላ ለሐኪምም ስፍራ ስጠው ብሎ ይጨምራል። «ወይ» የምትል ቃል ብፈልግ አጣሁ። ይህን ለወልደ ጊዮርጊስ ብናገር አልደነቀኝም፤ ለአንቺ ለመናገር መገደዴ ግን አሳዝኖኛል።

ስለዚህ አልመረጥሁም፤ ጠየቅሁ። ጠበሉን በጠርሙስ፣ የኸዲጃን አዝሙድ በጨርቅ ይዤ ሐኪሙ ፊት አቀረብሁ። አዝሙዱን አሸተተው፣ በጥርሱም ሰበረው። «እንደ ምግብ ትብላው፤ የመብል ፍላጎቷን ይከፍትላታል። ዕጢውን ያሟሟል የሚላት ካለ ግን ይዋሻል» አለ። ጠበሉን ብርሃን ላይ አንሥቶ አየና «የምንጭ ውኃ ከሆነ ተፈልቶ ትጠጣው፤ ቁስሉ ሳይደርቅ ግን አይፍሰስበት» አለ።

ተፈልቶ! ጠበል እንደ ሻይ ሊፈላ! ደሜ ፈልቶ ልወጣ ስነሣ እልፍነሽ ከአልጋዋ «ጋሼ፣ ፈላና በር ተቀምጠን ጠበላችን እንዴት አይፈላም?» አለች። ከድር በሳቅ ተንፈራፈረ፤ የሰፈራችንን ስም ጨዋታ ለሐኪሙ ሊተረጉምለት ቢሞክር አልሆነለትም። እኔ ግን እቤቴ ገብቼ አሰብሁበት። የሠለስቱ ደቂቅን ጸሎት የእቶን እሳት ካላጠፋው፣ የጠበሉን በረከት የእኛ ምድጃ አያተንነውም። ስለዚህ እናፈላዋለን። ለኸዲጃም የሐኪሙን ቃል ብነግራት «አልሐምዱሊላህ፤ ምግብም ከአላህ ነው» ብላ ማሩን አበዛችው።

ቅጠሉን ጥለነዋል። ሌላውን አልጣልንም። ብትቆጪም ተቆጪ።

አጎትሽ
መሪጌታ ኃይለመስቀል


ቤይሩት፣ የካቲት ፳፱ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለመሪጌታ ኃይለመስቀል።

ባለፈው ያጎደልሁትን ሰላምታ ደርቤ አቀርባለሁ። ቁጣዎን ከነቡራኬው ተቀብዬዋለሁ።

አንዱን ግን አልተቀበልሁም። እኔና ወልደ ጊዮርጊስ በጠባይ አንድ ነን ያሉትን። እርሱ «የእኔን ብቻ» ያለው ገበያው እንዳይሸሽበት ነው፤ እኔ ያልሁት እናቴ እንዳትሞትብኝ ነው። ይህን ለይተው ያውጡልኝ፤ ሌላውን ወቀሳ እሸከማለሁ።

በምሠራበት ክፍል ትራሷ ሥር የእመቤታችንን ሥዕል ያላኖረች ክርስቲያን፣ አንገቷ ላይ የቁርኣን ጥቅስ ያላንጠለጠለች እስላም ጥቂት ናት። አንሶላ ስቀይር ሥዕሏን አንሥቼ፣ ስሜ፣ መልሼ አኖርላቸዋለሁ። ለማላውቃቸው ሴቶች ይህን የማደርግ ለገዛ አክስቴ ጠበሏን ከለከልሁ። ደንግጬ ነበር የጻፍሁልዎ፤ የደነገጠ ሰው ሁሉንም ነገር አንድ ላይ ይጥላል።

አሁን ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ነቀርሳው እንዳይመለስ በጨረር ማከም የሚባል አለ። በአገራችን መኖሩን አልሰማሁም፤ እዚህ ግን አለ። ሐኪሞቹን ለምኜ ሊቀበሏት ፈቅደዋል። ከፋሲካ በኋላ ትምጣልኝ። ጨረሩ ያደክማታል፣ ቆዳዋንም ያጠቁረዋል፤ ይህንንም ቀድመው ይንገሯት፣ ከእንግዲህ ምንም አንደብቃት።

ሁለተኛው ጾሙ ነው። ቁስሏ እንዲጠግ እንቁላልና ወተት ያስፈልጋታል። አክስቴን አውቃታለሁ፤ «በላሁ» ብላ ትዋሻለች። እዚያ የሚቆጣት ሰው ያስፈልጋል። እባክዎን ይቆጡልኝ።

ልጅዎ
አስቴር


ሐረር፣ ሚያዝያ ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአስቴር።

ሞትን በሞቱ የሻረ ክርስቶስ የትንሣኤውን ብርሃን በቤትሽ ያብራ።

«ለይተው ያውጡልኝ» ያልሽውን ለይቼ አውጥቻለሁ። እርሱ ነጋዴ ነው፤ አንቺ ልጅ ነሽ።

ደግሞ እንዳዘዝሽኝ ተቆጣሁ። የነፍስ አባቷ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ፈቅደውላት ነበር፤ እርሷ ግን «ሰው ምን ይለኛል?» እያለች እንቁላሉን ለድመቷ ስትሰጥ ያዝኋት። ከዚያ ወዲያ እኔ ጾሜን ሳልፈታ ከፊቷ እየተቀመጥሁ እስክትጨርስ ድረስ ዳዊት ደገምሁ። «ዳዊት የተደገመበት እንቁላል ስበላ ከአዳም ጀምሮ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ» አለችኝ። ቁስሏ ደርቋል።

አሁን ሌላ ነገር ልንገርሽ። ባለፈው የማርያም ዕለት ከቅዳሴ በኋላ አስተምር ተባልሁ። ከወንጌሉ «ብፅዕት ከርሥ እንተ ፆረተከ ወአጥባት እለ ሐፀናከ» የሚለውን ይዤ ተነሣሁ። ግእዙን በዜማ አወረድሁት። ወደ አማርኛ ስመልሰው ግን ምላሴ እንደ ልማዱ ሊሸሽ ቃጣው። ያን ጊዜ በሴቶቹ በኩል እልፍነሽ በበትር ተደግፋ ቆማ አየኋት።

«የተሸከመችህ ማኅፀን የጠባሃቸውም ጡቶች ብፁዓን ናቸው!» አልሁ። «ጡት አልሁ፤ ደረት አላልሁም! ወንጌል ያላፈረበትን ቃል እኛ አፍረንበት እኅቶቻችን በየጓዳው ይሞታሉ! ጠበል መጠጣት የእምነት ነው፤ ጠበሉን ጠጥተሽ ሐኪም ቤት አትሂጂ የሚልሽ ግን ከየትኛው መጽሐፍ አገኘው?»

አንድ ሽማግሌ ካባቸውን ሰብስበው «መሪጌታ! በቤተ ክርስቲያን!» አሉኝ።

«እዚህ ያልተነገረ የት ይነገር አባቴ? ሐኪም ጋራ ላይ?» አልኋቸው። ትተውኝ ወጡ፤ ጀርባቸው ተቆጥቶ ነበር።

በማግሥቱ አንዲት ሴት ፈላና በር ድረስ መጣች። በለጡ ትባላለች። ስትገባ ነጠላዋን በግራ በኩል አጥብቃ ይዛ ነበርና አወቅኋት፤ ያቺ ተራራ ላይ ያልሳቀችው ናት። እልፍነሽ አጠገብ ቁጭ አለች። ኋላም «ደረቴን...» ብላ ጀመረች።

«እኅቴ፣ በስሙ ጥሪው» አለቻት እልፍነሽ። «ሲነኩት ይቆጣል ይሉሻል፤ ውሸት ነው። ስሙን ሲሸሹት ነው የሚቆጣው።»

በለጡ አለቀሰችና በስሙ ጠራችው። እኔ በሩ ላይ ነበርሁ፤ የዚያን ቀን ፊቴን ወደ መስኮት አላዞርሁም። እልፍነሽ ያን ጊዜውኑ ተነሥታ፣ አንድ ጎኗ ጎድሎ፣ ደጋፊዋም እኔ ሳልሆን ያችው በለጡ ሆና፣ ሁለቱ ተያይዘው ሐኪም ቤት ሄዱ። የበለጡ ገና ትንሽ ነው ብለዋቸዋል፤ ያን ዕለት ከተራራው ባዶ እጇን ወርዳ ነበርና ቅጠልም አልነካውም።

በሚመጣው ሳምንት እልፍነሽ ከድሬዳዋ ተነሥታ ወደ አንቺ ትመጣለች። የዚህ አገር ሐኪም ነቀርሳው ተነቅሎ አልቋል ለማለት አልደፈረም፤ ይህን ሳልደብቅ ነግሬያታለሁ። ጨረሩ እንደሚያደክማትም ነግሬያታለሁ። በሻንጣዋ የፈላ ጠበል በጠርሙስ፣ የኸዲጃ አዝሙድም በጨርቅ ተቋጥሮ አለ። ሁለቱንም ለሐኪሞችሽ አሳዪ። ለጊዜው ይቅር ካሉ ይቅር፤ አልቆጣም። ሳይጠየቁ ቢጣሉ ግን ቤይሩት ድረስ በትሬን ይዤ እመጣለሁ።

ልፈርም ስል እልፍነሽ ከጎኔ ሆና «ይህንንም ጨምርልኝ» ትለኛለች። በቃሏ ጽፌዋለሁ።

«አስቴርዬ፣ ያንቺን ድርሻ ቆርጠው አንሥተውብኛል። አንዳንድ ቀን እጄ ሄዶ ያጣዋል። ግን እርሱ ያሳደጋትን ለማየት እየመጣሁ ነው። እንግዲህ ከሐኪም ቤቱ በር ላይ ‹ምኗን ነው?› ሲሉሽ፣ ደረቷን እንዳትዪ!»

አጎትሽ
መሪጌታ ኃይለመስቀል